የወረቀቱ ደመወዝና የኪሱ ደመወዝ

ሰው አዲስ ሥራ ሲይዝ ሁለት ደመወዝ ይኖረዋል። አንደኛው በቅጥር ደብዳቤው ላይ በቁጥርና በፊደል ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ወር ሲሞላ እጁ ላይ የሚደርሰው ነው። ሁለቱም በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ልካቸው አንድ አይደለም። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት አስቀድሞ የተረዳ ሰው ኑሮውን በልኩ ይቆርጣል፤ ያልተረዳው ግን ገና በመጀመሪያው ወር ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ይጣላል፣ ከቤት አከራዩ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተስፋ አድርገው ከሚጠብቁት ወላጆቹ ጋር ይቀያየማል።

ይህን ጉዳይ ለመመልከት ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያና ከአካባቢው የተሻለ ቦታ በአዲስ አበባ ውስጥ አይገኝም። የልደታው ሜዳ ለጄት አውሮፕላን አጭር ሆኖ ስለ ተገኘ በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሥራውን የጀመረው ይህ ማረፊያ፣ በ1995 ዓ.ም. አዲሱ የመንገደኞች ሕንፃ ተከፍቶለት፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተስፋፍቶ፣ ዛሬ ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ ሥራቸው መነሻ ሆኗል። ዕቃ የሚጭነው፣ መንገደኛ የሚፈትሸው፣ በር የሚጠብቀው፣ ሞተር የሚፈታው፣ ቪዛ የሚመረምረው፣ በዙሪያው ባሉት ሆቴሎችና ባንኮች የሚያገለግለው ሁሉ፣ አብዛኛው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ነው። ከገርጂ፣ ከጎሮ፣ ከሰሚት፣ ከአያትና ከቡልቡላ ማልዶ የሚነሣው የደንብ ልብስ ለባሽ ሁሉ ወሩን ቆጥሮ የሚጠብቃት አንዲት ቀን አለችው።

ከዚህ ሌላ ደንብ ልብስ የሚለብስና ወሩን የሚቆጥር ወጣት አለ፤ እርሱም አዲስ ምልምል ወታደር ነው። በብርሸለቆ፣ በሁርሶ ወይም በጦላይ ሠልጥኖ የሚወጣው ወጣትና በቦሌ የተቀጠረው ወጣት ብዙ ጊዜ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የሁለቱም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህን ያህል ተብሎ ተነግሮኝ ይህን ያህል የደረሰኝ ለምንድን ነው?» ይላሉ።

እኔም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙ ጊዜ ስላልሆነ ይህ ጥያቄ ከእኩዮቼ አፍ ሲወጣ በየወሩ እሰማዋለሁ። በትምህርት ላይ ሳለን ስለ አገር በጀትና ስለ ዓለም ንግድ ብዙ ተምረናል፤ ነገር ግን የአንድን ሰው የደመወዝ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ይህ ይኼ ነው፣ ያ ያ ነው» ብሎ ያሳየን አልነበረም። ስለዚህ በዛሬው እሑድ ወረቀቱን እንዘርጋው።

ግብሩ እንዴት ይሰላል?

ከደመወዝ ላይ በመጀመሪያ የሚነሣው ሕዝቡ «የሥራ ግብር» የሚለው ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ስሌት በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሎ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራበት ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር ያለው ገቢ ግብር የለበትም። ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ብር ባለው ላይ ከመቶ 15፣ ከዚያ በላይ እስከ 7,000 ብር ባለው ላይ ከመቶ 20፣ እስከ 10,000 ብር ባለው ላይ ከመቶ 25፣ እስከ 14,000 ብር ባለው ላይ ከመቶ 30፣ ከ14,000 ብር በሚያልፈው ላይ ደግሞ ከመቶ 35 ይከፈላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይኸውም ደመወዙ ከአንዱ እርከን ወደሚቀጥለው ሲያልፍ ገንዘቡ በሙሉ በከፍተኛው መጣኔ የሚቀረጥ ይመስለዋል። ከዚህም የተነሣ «ጭማሪው ከሚጎዳኝ ባይጨመርልኝ ይሻለኝ ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። ግብሩ እንደ ደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ የሚከፍለው ለራሱ ብቻ ነው። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው 1,650 ብር ግብር ይከፍላል። አንድ መቶ ብር ተጨምሮለት 10,100 ቢሆን ግብሩ 1,680 ይሆናል። ከተጨመረው መቶ ብር 30 ብር ለግብር፣ 7 ብር ለጡረታ ሄዶ 63 ብር ኪሱ ይገባል። ስለዚህ በግብር ምክንያት ጭማሪ የጎዳው ሰው የለም፤ የጭማሪው ሙሉ መጠን እጁ የሚገባለት ሰው ግን ጥቂት ነው።

አሁን አንድ እውነተኛ ቁጥር እንውሰድ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከ11,500 ብር ላይ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው። የሚቀጥለው 2,000 ብር 300 ብር ግብር ያመጣል። ቀጥሎ ያለው 3,000 ብር 600 ብር፣ ከዚያ የሚከተለው 3,000 ብር 750 ብር፣ የቀረው 1,500 ብር ደግሞ 450 ብር ያመጣል። ድምሩ 2,100 ብር ነው። በዚህ ላይ ከመቶ 7 የጡረታ መዋጮ 805 ብር ሲታከልበት ተቀናሹ 2,905 ብር ይሆናል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ 11,500 የተባለው ደመወዝ ኪስ ሲገባ 8,595 ብር ነው።

ማሻሻያው የተባለውም ቢሆን በዚህ ዓይን ሊታይ ይገባዋል። በሬዲዮ የተሰማው ጭማሪ 4,560 ብር ነው። በ6,940 ብር ላይ ግብሩና ጡረታው ተነሥቶ እጅ ላይ ይቀር የነበረው 5,566 ብር ከ20 ሳንቲም ነበረና፣ በኪስ የተገኘው ጭማሪ 3,028 ብር ከ80 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው። ይህም ቀላል ገንዘብ አይደለም። ዳሩ ግን ቤት አከራዩም፣ ባለ ሱቁም፣ አገር ቤት ያለው ዘመድም የሰሙት የሬዲዮውን ቁጥር ስለሆነ፣ ሁሉም ድርሻውን የሚጠይቀው በ4,560 ልክ ነው።

ጡረታው የት ይሄዳል?

ሁለተኛው ተቀናሽ የጡረታ መዋጮ ነው። ወጣት ሰው ስለ ጡረታ ሲነገረው ይስቃል፤ ገና በሃያ ሦስት ዓመቱ ስለ ስድሳ ዓመቱ ማሰብ አይሆንለትም። ስለዚህም ከመቶ 7 የምትነሣውን ገንዘብ እንደ ጠፋች ይቆጥራታል። ነገር ግን ይህች ገንዘብ ብቻዋን አትሄድም። የመንግሥት ሠራተኛው 7 ሲያዋጣ አሠሪው መሥሪያ ቤት በላዩ 11 ያክልበታል፤ በግል ድርጅት ለሚሠራውም መጣኔው ይኸው ነው። ለወታደሩና ለፖሊሱ ግን መንግሥት የሚያክለው ከመቶ 25 ነው።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። ሁለት ወንድማማቾች አሉ እንበል። አንዱ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ ሌላው ወታደር ሆነ። ለስሌቱ እንዲመቸን የሁለቱም መሠረታዊ ደመወዝ 8,000 ብር ነው እንበል። ሁለቱም ለጡረታ የሚያዋጡት 560፣ 560 ብር ነው። ለመጀመሪያው አሠሪው 880 ብር ያክልና በስሙ 1,440 ብር ገቢ ይሆናል። ለወታደሩ መንግሥት 2,000 ብር ያክልና 2,560 ብር ገቢ ይሆናል። ይህ 2,000 ብር በወታደሩ ኪስ ስለማይገባና ወረቀቱን ተመልክቶ የሚያስረዳው ስለማያገኝ፣ ብዙ ወታደር እንዲህ ያለ ገንዘብ በስሙ መኖሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ለወታደሩ ይህን ያህል የሚታከልበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሥራው ጠባይ ጉልበትን ቶሎ የሚጨርስ፣ አደጋውም የበዛ ስለሆነ ነው። ለአገልግሎት ዘመንም የሚታሰበው ስሌት እንደዚሁ ይለያል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 714 ላይ እንደ ተጻፈው፣ አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው የጡረታ መነሻው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ከመቶ 30 ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ለሚያገለግልበት ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪሉ 1.25፣ ለወታደሩ 1.65 ይጨመራል። በዚህ ስሌት ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለ ሲቪል ከመቶ 48.75 ሲያገኝ፣ ወታደሩ ከመቶ 54.75 ያገኛል። ከዚህም በቀር ጡረታ የሽማግሌ ብቻ ገንዘብ አይደለም። ወታደሩ በግዳጅ ላይ ቢወድቅ የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹና በእርሱ ይረዱ የነበሩ ወላጆቹ የሚጠጉበት ጥላ ይኸው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በእንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ይሠራል፤ የእያንዳንዱ ትንሽ መዋጮ ተደምሮ የአንዱን ባልቴት ቤት ያቆማል።

ይህም ሥርዓት ትናንት የተፈጠረ አይደለም። የመጀመሪያው ሰፊ የጡረታ ሕግ በ1953 ዓ.ም. ወጥቶ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ሲጸና ሠራተኛው ከመቶ 4፣ መንግሥት ከመቶ 6 ያዋጡ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን በአገር አቀፍ ደረጃ በአዋጅ እስኪገቡበት ድረስ እስከ 2003 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረባቸው። ዛሬ በቦሌ ሆቴሎች ውስጥ አልጋ የምታነጥፈው ወጣት የጡረታ መለያ ቁጥር ያላት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ጡረታ ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። መዋጮው የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው። ለቤት፣ ለመጓጓዣ፣ ለበረሃ፣ ለኃላፊነት እየተባለ የሚሰጠው አበል ከመሠረታዊው ደመወዝ ውጭ ስለሆነ፣ ዛሬ ኪስን ይሞላል እንጂ የነገውን ጡረታ አያሳድግም። ስለዚህ «ደመወዙ ትንሽ ነው፣ አበሉ ግን ብዙ ነው» ተብሎ የሚቀጠር ወጣት ደስታውን በልክ ያድርገው። አበል ሥራው ሲለወጥ፣ ቦታው ሲቀየር ወይም ሰውየው ሲታመም ሊቀር ይችላል።

ሌሎቹ ተቀናሾችና የመጠየቅ መብት

ከግብርና ከጡረታ ቀጥሎ የሚመጡት ተቀናሾች እንደ ሰውየው ይለያያሉ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 91 ተመራቂው ከወር ገቢው ቢያንስ ከመቶ 10 እየከፈለ ዕዳውን እንዲጨርስ ተወስኗል። ከላይ ባየነው በ11,500 ብር ላይ ይህ 1,150 ብር ሲቀነስ፣ እጅ ላይ የሚቀረው 7,445 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ የዕድርና ልዩ ልዩ መዋጮ ይከተላል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ሠራተኛና ወታደር ለዓባይ ግድብ የወር ደመወዙን ከፋፍሎ ቦንድ ሲገዛ የነበረውም በዚሁ መንገድ ነው። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የዚያ መስመር ትርጉም ምን እንደ ነበረ ሁሉም አይቶታል።

እንግዲህ እነዚህን ተቀናሾች በሦስት ወገን ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ወገን በሕግ የታዘዘ ነው፤ ግብርና ጡረታ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው ቀደም ብሎ የተገባ ዕዳ ነው፤ የወጪ መጋራትና ብድር ይህን ይመስላሉ። ሦስተኛው በፈቃድ የሚሰጥ ነው። የመጀመሪያውን ማስቀረት አይቻልም፤ ሁለተኛውን መክፈል ግዴታ ነው፤ ሦስተኛው ግን ባለ ደመወዙ ፈቅዶ ሲፈርም ብቻ የሚነሣ መሆን አለበት።

በዚህ ረገድ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደነገገው መልካም ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት በሕግ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ በሰጠው ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ ላይ መቀነስ አይቻልም። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ጠቅላላ ገንዘብ ከወር ደመወዙ ከሢሶ እንዳይበልጥ ታዟል። አሠሪው ጠቅላላውን ደመወዝ፣ የተቀነሰውን ገንዘብ ልክና ዓይነት፣ የተጣራውንም ክፍያ በመዝገብ እንዲይዝና ሠራተኛው ሲጠይቅ እንዲያስረዳው ግዴታ ተጥሎበታል። ይህ አዋጅ ወታደሩን፣ ፖሊሱንና የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛውን አይመለከትም፤ እነርሱ በየራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ። ነገር ግን በውስጡ ያለው ሐሳብ ለሁሉም የሚስማማ ነው፤ ከላቡ ላይ ለምን እንደ ተቀነሰ መጠየቅ የሠራተኛ ሁሉ መብት ነው።

መጠየቅ ሲባል ግን ጥያቄው ለሚመለከተው ይሁን። የግብሩን መጣኔ ያወጣው የሒሳብ ሠራተኛው አይደለም። ወር በደረሰ ቁጥር በመስኮቱ ላይ ተሰልፎ እርሱን መሳደብ «የአብዬን ወደ እምዬ» ይሆናል። የእርሱ ኃላፊነት ስሌቱ ትክክል መሆኑንና ወረቀቱ የሚነበብ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ በዚህ ካጠፋ ይጠየቅ።

የሰላም አስከባሪው ገንዘብ

ስለ ወታደር ደመወዝ ሲነሣ ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚያስነሣው የሰላም አስከባሪው ጉዳይ ነው። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሲዘምት በባቡር እስከ ጅቡቲ ወርዶ በመርከብ ነበር የሄደው። ዛሬ ሰላም አስከባሪ የሚጓዘው በአየር ነው። ከኮሪያ በኋላም ኮንጎ፣ ርዋንዳ፣ ብሩንዲ፣ ላይቤርያ፣ ዳርፉርና አብዬ የኢትዮጵያ ወታደር የተሰማራባቸው ቦታዎች ሆነዋል። በተለይ በሰኔ 2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የአብዬው ጓድ በመጀመሪያ 4,200 ወታደር ተፈቅዶለት በኢትዮጵያውያን ብቻ የቆመ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ስፍራውን ለሌሎች አገሮች ወታደሮች ለቅቋል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለአንድ ወታደር በወር የሚከፍለው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ 1,028 የአሜሪካ ዶላር ነበር። በ2006 ዓ.ም. ወደ 1,332፣ በ2010 ዓ.ም. ወደ 1,428፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 1,448 ዶላር ከፍ ብሏል። ይህን የሰማ ቤተ ሰብ ወዲያው በብር ያባዛዋል። ከዚያም ወታደሩ ሲመለስ «ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ?» ይባላል፤ ወታደሩም በሰው ዓይን እንደ አባካኝ ወይም እንደ ስስታም ይታያል።

የነገሩ ሥር ግን ሌላ ነው። ይህ ገንዘብ የወታደሩ ደመወዝ ተብሎ የተወሰነ አይደለም፤ ወታደሩን ለላከው መንግሥት የሚከፈል የወጪ ማካካሻ ነው። ለሁሉም አገርና ለሁሉም ማዕረግ አንድ ሆኖ የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። ሀብታሙ አገር ለራሱ ወታደር ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ስለሚከፍል ይህ ገንዘብ ወጪውን አይሸፍንለትም፤ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ አገር ደግሞ ከዚሁ ላይ ለሥልጠና፣ ለልብስ፣ ለሕክምናና ለሌላም ያውለዋል። ወታደሩ ከገዛ መንግሥቱ የሚያገኘው በአገሩ ሕግና በማዕረጉ ልክ የተወሰነውን ነው። ከድርጅቱ በቀጥታ በእጁ የሚሰጠው የዕለት አበል ለአንድ ቀን 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም ሲሆን፣ በሠላሳ ቀን 38 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይመጣል። ለዕረፍት ፈቃዱም በየስድስት ወሩ እስከ 15 ቀን ድረስ በቀን 10 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይታሰብለታል።

በሶማሊያ የነበረው የአፍሪካ ኅብረት ጓድ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ኢትዮጵያ በጥር 2006 ዓ.ም. በገባችበት በዚያ ጓድ የወታደሮቹን አበል የሚከፍለው የአውሮፓ ኅብረት ነበር። ኅብረቱ ከጥር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን ገንዘብ በአምስተኛ እጅ ቀነሰው። ወታደሩ ሥራውን አልቀነሰም፤ አደጋውም አልቀነሰም፤ ገንዘቡ ግን ከሩቅ አገር በተላለፈ ውሳኔ ቀነሰ። በሌላ ሰው በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ አበል እንደ ቋሚ ገቢ ተቆጥሮ ቤት ቢጀመርበት ጣራው ሳይደርስ ሊቀር እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

በእኔ አስተያየት መንግሥት ከማካካሻው ላይ ለሠራዊቱ ድርጅት የሚያውለውን ማስቀረቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሥርዓቱም የሚፈቅደው ነው። የሚገባው ግን ወታደሩ ከመሳፈሩ በፊት ድርሻው ይህን ያህል ነው፣ የሚከፈለውም በዚህ ጊዜና በዚህ መንገድ ነው ተብሎ በጽሑፍ ተዘርዝሮ እንዲሰጠው ነው። ያልተነገረ ሒሳብ ሐሜትን ይወልዳል፤ ሐሜትም በጠመንጃ ከሚመጣ ጠላት ባልተናነሰ የሠራዊትን መንፈስ ይጎዳል። የአገራችን ታሪክ ይህን በሚገባ ያስተምራል። በ1953 ዓ.ም. ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ወታደሮች የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው ነበር፤ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ ላይ ከነገሌ ቦረና የተነሣው ቅሬታም ከምግብና ከውኃ ጀምሮ ወደ ደመወዝ፣ ከደመወዝም ወደ መንግሥት ለውጥ አድርሷል።

ሊታሰብበት የሚገባው

ከቁጥሮቹ በስተ ኋላ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። ከግብር ነጻ የሆነው ገቢ በ1994 ዓ.ም. 150 ብር ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 600 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. 2,000 ብር ሆነ። በእነዚህ አዋጆች መካከል ባሉት ዓመታት የዕቃ ዋጋ እየወጣ፣ ደመወዝም እየተከተለው ሲሄድ የግብሩ እርከን ግን በቦታው ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ደመወዙ በቁጥር እንጂ በአቅም ያላደገ ሰው ሳያውቀው ወደ ላይኛው እርከን ይገፋል።

ይህን በዝቅተኛው ደመወዝተኛ ላይ እንየው። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ በፊት 1,100 ብር ነበር። ከዚህ ላይ ግብሩ 50 ብር ማለትም ከመቶ አራት ተኩል ያህል ነበር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው 6,000 ብር ሆኗል፤ ግብሩም 700 ብር ነው። ይህ ከመቶ አሥራ ሁለት የሚጠጋ ነው። የግብር አዋጁ ባይሻሻል ኖሮ 935 ብር ይሆን ነበርና ማሻሻያው 235 ብር አስቀርቶለታል። በእጁ የሚገባውም ግብሩና 420 ብር ጡረታው ተነሥቶ 4,880 ብር ስለሆነ ከቀድሞው 973 ብር ጋር ሲነጻጸር በቁጥር ብዙ አድጓል። የሆነ ሆኖ ከገቢው ላይ ለግብር የሚያወጣው ድርሻ ከእጥፍ በላይ መሆኑ እውነት ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ዘይቱ፣ ሳሙናውና የታክሲው ሒሳብ በየራሳቸው መንገድ ተጉዘዋል።

መንግሥት ያለ ግብር እንደማይቆም የታወቀ ነው። የወታደሩ ደመወዝና በጡረታው ላይ የሚታከለው ከመቶ 25 ራሱ የሚከፈለው ከግብር ነው። ስለዚህ ክርክሩ ግብር ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም። ክርክሩ የግብሩ እርከን አዲስ አዋጅ እስኪወጣ ዓመታት ከሚቆጠሩ፣ በተወሰነ ጊዜ ከዕቃ ዋጋ ጋር እየተመዘነ ቢታይ አይሻልም ወይ የሚል ነው። እኔ ይሻላል እላለሁ።

ሌሎቹ መፍትሔዎች ደግሞ ምንም ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። አንደኛ፣ የቅጥር ማስታወቂያና የምልመላ ጥሪ ሲወጣ ከጠቅላላው ደመወዝ አጠገብ የተጣራው ቢጻፍ፣ ወጣቱም ወላጁም እውነቱን ይዘው ይነሣሉ። ሁለተኛ፣ በማሠልጠኛ ማዕከሎችና በአዲስ ሠራተኞች ማስተዋወቂያ ላይ ስለ ደመወዝ ወረቀት አንድ ሰዓት ብቻ ቢመደብ ለዓመታት የሚሆን ቅሬታ ይቀንሳል። ጠመንጃ ፈትቶ መግጠም የተማረ ወጣት አምስት መስመር ሒሳብ ፈትቶ መግጠም አያቅተውም። ሦስተኛ፣ ወረቀቱ ባለ ደመወዙ በሚያነበው ቋንቋ፣ ያለ አሕጽሮት ይጻፍ።

ለባለ ደመወዙም የሚነገር አለ። የመጀመሪያው ወር ደመወዝ በሠራበት ቀን ልክ የሚታሰብ መሆኑን አይርሳ፤ በወሩ አጋማሽ የገባ ሰው ሙሉ ደመወዝ አይጠብቅ። ዓመታችን አሥራ ሦስት ወር፣ የወር ደመወዛችን ግን አሥራ ሁለት ጊዜ ስለሆነ ከነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም ደመወዝ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ በመካከሉም የጳጉሜን ቀኖች፣ ዘመን መለወጫ፣ የልጆች ደብተርና መስቀል አሉበት። ለዚያ ከሰኔ ጀምሮ ያላስቀመጠ ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሳይሆን ቸግሮት ይበደራል። የደመወዝ ወረቀቶቹንም አይጣላቸው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የአገልግሎት ዘመን ሲቆጠር ምስክር የሚሆኑት እነርሱ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ለቤተ ሰቡ እውነተኛውን ቁጥር ይንገር። እናት ልጇ ስንት ብር እንደሚያገኝ ስትጠየቅ የምትመልሰው በሰማችው ልክ ነው። 11,500 ብላ ከተናገረች በኋላ በወር የሚላክላት አንድ ሺህ ብር ቢሆን፣ ልጇ የረሳት ይመስላታል። ከ8,595 ላይ፣ ያውም ቤት ኪራይና መጓጓዣ ተከፍሎ የተላከ መሆኑን ብታውቅ ግን ያችኑ አንድ ሺህ ብር መርቃ ትቀበላለች። ገንዘቡ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የተነገረው እውነት ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ደመወዝ የምትቀበሉ ወጣቶች ሁሉ፣ በቦሌ መስኮት ላይም ሆነ በጦር ሰፈር ብትሆኑ፣ ወረቀቱን ከማጠፋችሁ በፊት ከላይ እስከ ታች አንብቡት፤ ያልገባችሁ መስመር ካለም ጠይቁ።